ቆሞ የነበረ ግድግዳዬን በኮምፒውተር ላጋደሙልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊና የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ፤ በተለይ አንገትዎ። ባለፈው በቢሮዎ ስንገናኝ ከነኮሚቴዎ ወደ ግራ ትከሻዎ ጋደል ብለው ብዙ ስለቆዩ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሳቃና የኖርኩ ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ፣ ነገሩ ከልብ አሳስቦኛል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ትልቋ ልጄ ናት። እሷ «አባባ፣ ትንሽ ለስለስ ቢል» ብላኛለች፤ ለስላሳውን እነሱ ያውቁበታል፣ አንቺ እንዳልኩሽ ጻፊ ብያታለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከቤቴ ጎን ፎቅ የሚያሠራው ሰው፣ ሰፈሩ ባለፎቁ የሚለው፣ መሠረት ሲያስቆፍር ማሽኑ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ከሥሩ ቦጭቆ ጣለው። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበርና፣ ማሽኑ ሲጠጋ ጀምራ ግድግዳው እስኪወድቅ በስልኳ ቀረጸችው። ስልኩን የያዘችው ሰው ሁሉ እንደሚይዘው፣ ቀጥ አድርጋ ነው። ያንን ቪዲዮ ይዘን እርስዎ ዘንድ አቤት አልን። ኮሚቴዎም ቪዲዮውን ተመልክቶ፣ ግድግዳው ማሽኑ ሳይደርስበት በእርጅና ወድቆ ነበር፣ የተረፈውም ቤት ለሰው ሕይወት ስለሚያሰጋ ይፍረስ ብሎ ወሰነ። እንግዲህ በስተርጅና ከነባለቤቴ ሜዳ ላይ ልንበተን ነው። ለዚህ ላበቃን ትጋትዎ አንድ በአንድ ላመስግንዎት።

አንደኛ፤ ባለቤቴ ስልኳን ዘርግታ «እዚሁ ይዩት» ስትልዎት፣ ማስረጃ የሚታየው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ነው ስላሉን እግዜር ይስጥልኝ። እጅ ላይ ጥርት ብሎ ከነድምፁ የሚታይን ነገር፣ በማያሳይ ዕቃ ካልሆነ አላይም ለማለት ትልቅ ወንበር ያስፈልጋል። እኔ ፊቴ የተቀመጠን ደንበኛ ፎቶህን አምጣና እሱን አይቼ ልቁረጥህ ብለው፣ ወንበሩን ይዞብኝ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛ፤ ያ የተከበረ ኮምፒውተር መጀመሪያ ገመዱን አላውቀውም አለ፤ ገመዱን ሲያውቅ ደግሞ ቪዲዮውን መክፈት አልችልም አለ። ጸሐፊዎ ጥፋቱን በስልኩ ላይ አላክካ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ቪዲዮውን ኮምፒውተር በሚከፍተው ዓይነት አስቀይሩና በፍላሽ አምጡ አለችን። ባለቤቴ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ደረጃችሁን ወርዳ መልሳ ወጣች። የኮምፒውተር ባለሙያችሁ የት ነው ብንል፣ ሥልጠና ሄዷል ተባልን። ምን እንደሚሠለጥን አልጠየቅኩም፤ ብቻ ይቅናው።

ሦስተኛ፤ ፍላሹ ተሰካ፣ ቪዲዮውም ተከፈተ፤ ግን ተጋድሞ ተከፈተ። ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳዬ በጎኑ ተኝቶ ታየ። የስልክ ቪዲዮ ኮምፒውተር ላይ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፣ አዙር ሲሉት ይዞራል ብላኛለች ልጄ፤ የእርስዎ ኮሚቴ ግን ያዞረው አንገቱን ነው። ባለቤቴ ተነሥታ ስክሪኑን ራሱን ልታቆመው ብትይዘው፣ ጸሐፊዎ «እማማ፣ እጅዎን ያንሱ! ንብረት ክፍል ሳይፈቅድ አይነቃነቅም!» ብላ ጮኸች፤ ጥበቃም ተጠራ። አንዲት ጉልበቷን የታመመች አሮጊት በጥበቃ ማስያዝዎን ሰፈሩ እስካሁን በአድናቆት ያወራዋል።

አራተኛውን ልጄ ቁጥር ስጠው ብትለኝም ቁጥር አይበቃውም። በዚያው ቪዲዮ ላይ ከበርሜላችን የፈሰሰው ውሃ ወደ ጎን ሲነጉድ አይተዋል። የጎረቤት ዶሮ ሽቅብ አየር ላይ ስትራመድ አይተዋል። የባለቤቴ ቀሚስ ገመዱ ላይ እንደ ባንዲራ ተዘርግቶ፣ የማሽኑ ሹፌር በጎኑ ተኝቶ ሲነዳ አይተዋል። ከዚህ ሁሉ መካከል ወድቋል ተብሎ የተመዘገበው ግን የእኔ ግድግዳ ብቻ ነው። ምነው ሹፌሩስ? ዶሮዋስ በእርጅና አልወደቀችም? ይባስ ብሎ መሐንዲስዎ በእስክሪብቶው ስክሪኑን እየነካ፣ እንዲያውም ማሽኑ ሲደርስበት ግድግዳው ቀና ብሏል አለ፤ ሲወድቅ የተነሣ መስሎት ነው። ታዲያ ባለፎቁን ልንክሰው ሳይሆን ልንመርቀው ነበር የመጣነው ማለት ነው። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ፤ የተነቀነቀው ራስ ጋደል ያለ ስለነበር እሺ ይሁን እምቢ መለየት አቅቶኝ ነበር። በኋላ ማኅተሙን ሳይ ገባኝ።

ባለፎቁም እዚያው ከጎንዎ ተቀምጦ ነበር። ከሁላችሁም አንገቱን ያላጋደለው እሱ ብቻ ነው። ለምን ብሎ? ግድግዳው ሲወድቅ ቆሞ አይቶታል።

እንግዲህ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፤ ልመናም አይደለም። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ቪዲዮውን በባለቤቴ ስልክ፣ እንደተቀረጸው ይዩት። አይተው ውሳኔውን ካልሻሩት ከዚያ ቤት አንወጣም፤ ማሽኑ ሲመጣ ውስጥ ነን። ከእርስዎ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡ ኃላፊዎች ሁሉ ጉሮሯቸውን ለምላጬ ሰጥተው፣ እኔን አምነው፣ ወንበሬ ላይ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ቢሯቸው ሲገቡ ግን ይከፍቱታል።

ከተናደ ግድግዳ ሥር ሆኜ ሽቅብ ከፍ ያለ አክብሮቴን የማቀርብልዎት፣ ገና ያልፈረሰው ቤት ባለቤት፣ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ። ፊርማዬ የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ በየትኛውም በኩል ቢያጋድሙት የእኔው ነው።

ማስታወሻ፤ በሚፈርስ ቤት ላይ የሚደረገውን ቀይ ምልክት እንዲቀባ የላኩት ሠራተኛ ትናንት መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ወንበር ሰጥታ ቪዲዮውን አሳየችው። አይቶ ሲጨርስ የቀለሙን ቆርቆሮ ከደነና «አባባ፣ እኔ አልቀባም ብሏል ብለው ይንገሯቸው» አለኝ። ይኸው ነገርኩ። ብሩሹን ደጃችን ላይ ትቶታል፤ ቀለሙን ይዘው እርስዎ ይምጡ።