የበረዶ ጠላ ቤት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለአንድ ደንበኛ ቀዳሁ። ሰውየው አንዴ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ዛሬ ሻይ ጀመርሽ እንዴ? አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ውስጤ ግን ቅጥል አለ።

ጠላው ሞቋል፣ ማስታወሻዬ። አሶሳ፣ ሚያዝያ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ በር ላይ «ቀዝቃዛ ጠላ» የሚል ታፔላ ሰቅዬ ለብ ያለ ጠላ እየቀዳሁ ነው። አገር በሙሉ «የበረዶ ጠላ ቤት» እያለ ነው የሚጠራኝ። ነውር ነው።

ፍሪዘሩን ከፍቼ እጄን ከተትኩ። ትናንት ማታ በጠላ የሞላኋቸው ጀሪካኖች ለብ ብለዋል። በፍሪዘሩና በሶኬቱ መካከል የተሰካው ቴርሞስታት ቁጥር ግን 4 ይላል። አራት ዲግሪ! እጄ በዚህ አይስማማም። መብራት አለ። ስታቢላይዘሩ አረንጓዴ ያበራል። ከክዳኑ ሥር አናጺው የገጠመልኝ የእንጨት ፍሬም ደህና ነው፣ በፍሬሙ በኩል የወጡት ሁለቱ ቧንቧዎችም ደህና። ጠላውን ከጀሪካን ወደ ቧንቧ የሚገፋው የእግር ፓምፕም እንደ ልማዱ ይነፋል። ታዲያ ምኑ ነው የታመመው?

ትናንት ደህና ነበር። እንደ ሁልጊዜው እሑድ ባዶ አድርጌ፣ አጥቤ፣ ክዳኑን ከፍቼ እንዲደርቅ ተውኩትና ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እማ ከሰፈራ መንደሯ ከአምባ መጥታ ቤቱን ጠበቀችልኝ። ስመለስ ሄዳለች። እሷ እንደሆነች እኔ ቤት አታድርም፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ነው የምትነሳው። እንኳንም አልተገናኘን፣ ስለ ፍሪዘሩ እንጣላ ነበር። እሷ ፍሪዘር አትለውም። «የሬሳ ሣጥን» ነው የምትለው። ከገዛሁት ጀምሮ ከሱ የተቀዳ ጠላ በአፏ ዞሮ አያውቅም።

9 ሰዓት

ወኪሉ መጣ። በዛሬው ቀን! የባሌ የታ. የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፣ አሁን የፋብሪካ ቢራ ያከፋፍላል። ለብ ያለውን ጠላ ቀምሶ በትህትና አስቀመጠው። ባለ መስታወት በር ፍሪጅ በነጻ ይሰጠኛል። በውሉ ግን ቤቱ ውስጥ ከእነሱ ጠርሙስ በቀር ምንም አይሸጥም። ጠላ የለም። ጓሮም ቢሆን ጋን አይታይም። መኪናው ቅዳሜ ይመጣል፤ እሺ ካልኩ ይራገፋል፣ እምቢ ካልኩ ለሌላ ቤት ይሄዳል።

ታ. አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ባሌ ሲከራከር እወደዋለሁ፣ ዝም ሲል እፈራዋለሁ። ዛሬ ዝም አለ።

ይሄ ጠላ ከእማ የተማርኩት ነው። እሷን ደግሞ ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያሰፍሯት እጇ ላይ የነበረው ይሄው ሙያ ብቻ ነው። በጠርሙስ ልለውጠው? የት አባቱ!

ማክሰኞ፣ 20

መብራት ጠዋት ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደስ አለኝ። ጥፋቱ የመብራት ነው፣ አሁን ይነሳል ብዬ ጆሮዬን ፍሪዘሩ ጎን ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። ጭጭ።

ስታቢላይዘሩን አወጣሁ። ቴርሞስታቱን ግድግዳው ላይ ሰካሁ፣ ፍሪዘሩን ቴርሞስታቱ ላይ። ጭጭ። ሶኬት ቀየርኩ። ጭጭ። ቁጥሩ አሁንም 4። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፣ እሱ አራት ይለኛል። ሰደብኩት። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፣ አንቺም ታፍሪያለሽ።

ጠላው መኮምጠጥ ጀመረ። ለደንበኞች በነጻ ቀዳሁ። በነጻ ሲሆን ማንም ስለ ሙቀቱ አላነሳም።

ማታ ከታ. ጋር ተጨቃጨቅን። ፈርሚ፣ ታርፊያለሽ ይላል። ጌሾ መውቀጥ የለ፣ ማጥለል የለ፣ ወገብሽ ይድናል። ወገቤን ማን አማከረው? ሚኒባስህ የሸርቆሌ መንገድ ላይ ተበላሽታ ስትቆም ገፍተህ ትጥላታለህ ወይስ ቦኔቷን ትከፍታለህ? አልኩት። በሩን ሊቀረቅር ተነሳ። ግን አልተሸነፈም፣ ፊቱን አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ 21

ሐሰንን ጠራሁት። በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነው፣ ፍሪጅና ቬንትሌተር ይጠግናል። ቤርታ ነው። አማርኛን ያነሳው ከገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል። እኔንም እንዲያው። ጎረቤት ከሆንን ወዲህ አንድ ቀን አላረምኩትም፣ አሁንማ ሌላ ቢለኝ ሌላ ሰው የሚጠራ ይመስለኛል።

በር ላይ ቆመ። «መጀመሪያ መጠጡን አውጣ። መጠጥ ውስጡ ካለ እኔ አይነካም።» እውነቱን ነው፣ ሃይማኖቱ ነው። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ጎትቼ አወጣሁ፣ በውሃ አለቀለቅኩለት። ያኔ ገባ።

ከኋላ ሞተሩን ዳሰሰ። ቀዝቃዛ። አንኳኳው። ጆሮውን ሰጠው። ራሱን ነቀነቀ። «ሞተር ሞቷል። አሁን ይሄ ሣጥን ነው፣ እህል አድርግበት።» አዲስ ሞተር እዚህ አይገኝም አለ፣ ቢገኝም ከፍሪዘሩ ይበልጣል። አዘነልኝ። ማዘኑ ይበልጥ አናደደኝ።

ታ. ሰምቷል። ስልኩን ይዞ ወጣ።

ብቻዬን ቀርቼ ፍሪዘሩን በንዴት ፈተግኩት። ጀሪካኖቹ የነበሩበት የፍሪዘሩ ወለል ላይ ቡናማ ክብ አገኘሁ። አልለቅም አለ። የጠላ ዝቃጭ ነው ብዬ ተውኩት። ወይራ ወይራ ይሸታል። ይሽተት፣ እዚህ ቤት ወይራ የማይሸት ምን አለ? ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ እኔም በወይራ ታጥኛለሁ።

ሞተር ሞቷል አሉ። እኔ ግን አልቀበርኩትም።

ሐሙስ፣ 22፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ፣ ስሚ።

ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ሳየው እልህ ያዘኝ። ባዶ ፍሪዘር፣ ክዳኑ ክፍት፣ አሁንም 4! ከቴርሞስታቱ የሚወርድ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ጫፉ ላይ ሴንሰር የሚሉት ነገር። እሱ ነው ሙቀቱን የሚለካው። ሞቋል ሲል ሞተሩ ይነሳል፣ ቀዝቅዟል ሲል ይተኛል። ሴንሰሩን በመዳፌ ጨበጥኩት። 4። ብብቴ ሥር ከተትኩት። 4። ትኩስ ሻይ ውስጥ ነከርኩት። 4!

አንተ ውሸታም።

የፍሪዘሩን ሶኬት ከቴርሞስታቱ ነቅዬ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። አንዴ ተንገጫገጨ። ከዚያ እምምም አለ። ሞተሩ! የሞተው ሞተር! እልል አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ሐሰን የሞትኩ መስሎት በአጥሩ ዘሎ መጣ።

ሞተሩን ሰምቶ ሳቀ፣ አላፈረም። «እኔ የቀበረው ተነሳ!» አለ። አምላክን አመሰገነ፣ በዓረብኛ። ከዚያ ሴንሰሩን አየው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣብቋል። የክዳኑን ጎማ በጣቱ ተከተለ፤ በአንድ በኩል ተኮማትሯል፣ ወረቀት ብናስገባበት ክዳኑ ተዘግቶም ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ቡናማውን ክብ አየ። አየኝ። «እዚህ ውስጥ እሳት የገባው ማነው?»

እሳት? ፍሪዘር ውስጥ?

ክቡ የገል መጠን ነው። ፍም የሚያዝበት የሸክላ ስባሪ፣ ጋን ሲታጠን ከሥር የሚቀመጠው። እሑድ፣ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ባዶውን። እማ።

ደወልኩ። ልጮህባት ነበር፣ ትንፋሼን ሁሉ ስቤ ተዘጋጅቼ። አልካደችም። እንዲያውም ድምፅዋ ኩራት አለበት፦ «አዎ አጠንሁት! ከባምባሲ ባስመጣሁት ወይራ ነው ያጠንሁት። ያልታጠነ ዕቃ ጠላ ይገባበታል እንዴ ልጀ? አንች እንደሁ ሣጥኑን አልተውም ብለሻል። ካልቀረማ ወግ ይድረሰው ብየ ነው።»

ወግ ይድረሰው። የሬሳ ሣጥን ስትለው የከረመችውን። ፍም አስገብታ፣ ወይራ ጣል አድርጋ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ጢሱ እስኪጠጣው ጠብቃ፣ ገሉን አውጥታ፣ እንደ ጋን ባርካልኝ ሄዳለች። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ሐሰን ግራ ገብቶት ይመለከተኛል።

ከሰዓት

ሐሰን የተኮማተረውን ጎማ ቆርጦ በብስክሌት ካላማዳሪ ላስቲክ ሞላው። ወረቀቱ አሁን ይያዛል። ሴንሰሩ ግን ከአዲስ አበባ ካልመጣ የለም። ሴንሰር ከሌለ ቴርሞስታት የለም፣ ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ ማቆም አያውቅም።

ይሁን። በእጄ እሰካለሁ፣ በእጄ እነቅላለሁ። ሰው ልጅ በእጁ ያሳድግ የለ?

ዓርብ፣ 23፣ ጊዮርጊስ

በዓል። ቤቱ ከጠዋቱ ሞላ። እኔም ከደስታዬ ብዛት መንቀሉን ረሳሁት። ቧንቧው ጉርር ብሎ ቆመ፣ ፓምፑን ስረግጠው በረዶ ተፋ። አንዱ ደንበኛ ማንኪያ አምጪ አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ነቀልኩ።

እማ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ክዳኑን ከፈተች፣ እጇን ጀሪካኑ ላይ አሳረፈች። ሐኪም ግንባር ላይ እንደሚያደርገው። «ተይው፣ ይረፍ» አለች። ቆይታ ደግሞ ዳሰሰች። «አሁን ሰኪው።» ሰካሁ። «ንቀይው።» ነቀልኩ። የመጀመሪያዎቹን ጀሪካኖች አበላሸቻቸው፣ አንዱ በጣም ሞቀ፣ አንዱ ደግሞ ጥርስ የሚነቅል ሆነ። ከዚያ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ማንም ከበርጩማው አልተነሳም።

ወደ ማታ ብርጭቆ ቀድቼ ፊቷ አኖርኩ። ብዙ አየችው። ጎንጨት አለች። ስለ ሣጥኑ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ጌሾው አንሷል፣ አለች። ጨርሳ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ እማ ግን አልተነሳችም። ማን ይዳስሰዋል ታዲያ? አለች። አልጋችን አጠገብ አነጠፍኩላት።

ቅዳሜ፣ 24

ጉድ ፈላ።

ገበያው ሞልቶ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ መኪናው መጣ። ሳልጠየቅ ፍሪጁን አውርደው በረንዳው ላይ አቆሙት። ያብለጨልጫል፣ መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየሁት፣ ላብና ጌሾ። ወኪሉን ማን አውርድ አለህ? አልኩት። ወደ ታ. አየ። ረቡዕ ዕለት፣ ሞተሩ ሞቷል ሲባል ይዞት የወጣው ስልክ! እሺ ብሎት ኖሯል። ሐሙስም ዓርብም ዝም ብሎኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ባይኖር ኖሮ እንጃ።

ወኪሉ ወደ ውስጥ ገብቶ እማን አየ፣ እጇን ፍሪዘሩ ውስጥ ከትታ። ሳቀ፣ ክፋት የለበትም። በአሮጊት እጅ የሚሠራ ማሽን እስከ መቼ ይዘልቃል፣ እህቴ? አለኝ። ወገቤን ይዤ ነገርኩት። እስከፈለገ ይዝለቅ። ቢሞት እጠግነዋለሁ፣ ባይጠገን በጋን እሸጣለሁ፣ ጋኑ ቢሰበር በእንስራ። ይሄ ቤት ግን የጠላ ቤት ነው። ውልህን አልፈርምም። ፍሪጅህን ጫን።

ጫኚዎቹ ወኪሉን አዩ፣ ወኪሉ ታ.ን አየ። ታ. ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ጎንበስ አለ፣ የፍሪጁን አንድ ጎን አነሳ። ጫነው። በር ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገና አንድ ብርጭቆ ቅጂልኝ አለ። ይቅርታ አድርጌለት አይደለም። ቀዳሁለት ግን።

ገበያው ሲበተን ታ. መጣ። አንድ ሌላ ጓደኛው ሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሴንሰሩን ያመጣልናል፣ የቴርሞስታቱን ሞዴል ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አለኝ። መካስ ፈልጎ ነው። እማ በዚያ በኩል ደንበኛ እየተቆጣች ነው፣ ክዳኑን አትክፈቱብኝ ትላለች። ነጠላዋ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሴንሰሩ የመጣ ዕለት ታወርደዋለች፣ ወደ አምባ ትሄዳለች። ብለምናትም አትቀርም፣ አውቃታለሁ፣ ሥራ የሌለበት ቤት አትቀመጥም።

ታ. እስክሪብቶ አምጥቶ ሰጠኝ። ይሄው በሱ ነው የምጽፍልሽ። ሞዴሉን ግን አልሰጠሁትም። ሰኞም አልሰጠውም።