ከጣሪያ በላይ ጀልባ የምታሳልፈዋ ከተማ እና ወይዘሮ ጠይባ
ወይዘሮ ጠይባ ኢብራሂም ከአባታቸው ከአቶ ኢብራሂም ዩሱፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀጂራ አሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በድሬዳዋ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በ1973 አቶ በሽር ሙሳን አገቡ። በዓመቱም ባለቤታቸው ወደሚሠሩባት በርንሊ ወደምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሄዱ።

በርንሊ በሁለት ትንንሽ ወንዞች መገናኛ የተቆረቆረች፣ ዛፍ የሌለው ኮረብታ የከበባት የጥጥ ሽመና ከተማ ናት። እርጥብ አየሯ ክር እንዳይበጠስ ስለሚረዳ፣ የፋብሪካዎቿ ጨርቅ በዘመናቸው ያልደረሰበት አገር አልነበረም። በመሐሏም ከፍ ባለ የአፈር ክምር ላይ የጀልባ ቦይ ያልፋል። ወይዘሮ ጠይባ በገቡበት ማለዳ፣ በጉሙ ውስጥ ከቤቶች ጣሪያ በላይ ጀልባ ቀስ ብሎ ሲሄድ አይተው፣ «በሽር፣ ነቅቻለሁ ወይስ ገና ተኝቻለሁ?» ብለው መጠየቃቸውን እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በሽመና ፋብሪካ ተቀጠሩ። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን፣ ሴቶቹ የሚነጋገሩት ያለድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነበር። ወይዘሮ ጠይባም እንግሊዝኛን ከጆሯቸው በፊት በዓይናቸው ለመዱ።

በ1979 የዚህ ታሪክ ጸሐፊ የሆነችው ልጃቸው ዛህራ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ጆሮዋ እንደማይሰማ ሐኪሞች ተናገሩ። አቶ በሽር ሲያለቅሱ ወይዘሮ ጠይባ፣ «ምን ያስለቅስሃል? እኛስ ፋብሪካ ውስጥ ማን ይሰማል?» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለሱ ልጅቷን ወደ ቦዩ ዳር ይወስዷታል፤ ፊት ለፊቷ በርከክ ብለው «ውሃ»፣ «ጀልባ»፣ «ጉም» እያሉ ከንፈራቸውን ያሳዩአታል። ሁለት ክረምት አለፈ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ግን ልጅቷ አገጫቸውን በእጇ ይዛ፣ «እማ» አለች። ወይዘሮ ጠይባ እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ፋብሪካው በ1983 ተዘጋ። በ1988 ከባለቤታቸው፣ ከዛህራና ከታናሿ ከአብዱልቃድር ጋር ወደ ካናዳ፣ ቶሮንቶ መጥተው ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል የረጃጅም ፎቆች ሰፈር ገቡ፤ በልብስ ስፌትም ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። ጉም ሕንፃዎቹን በሸፈነ ቁጥር በረንዳ ላይ ቆመው፣ «ዛሬ በርንሊ ልትጠይቀን መጣች» ይሉ ነበር። አቶ በሽር በ2011 አረፉ።

ወይዘሮ ጠይባም ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 2024 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ልጆቻቸው የት መቀበር እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው፣ «አገር ላገር አታንከራትቱኝ። በሽር ብቻውን ብዙ ቆየ» ብለው ነበር። ዛሬ እዚሁ ቶሮንቶ በባለቤታቸው አጠገብ አርፈዋል።

ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። አላህ ማረፊያቸውን ሰፊና ብርሃናማ ያድርግላቸው፤ እኛንም በጀነት ያገናኘን። አሚን።