የማማው መቀነት

ከሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት፣ በረከቱም፣ በአንተና በባለቤትህ፣ እንዲሁም ሳይሰስት በሰጠህ ልጆች ላይ ይውረድ። ጤንነትህን ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን የሰደድህልኝ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር በተግሣጽ የተሞላ ስለ ሆነ፣ ለመቆጣት ይህን ያህል ጉልበት የተረፈው ሰው ጤነኛ መሆኑን ተረድቼ ተውኩት። እኛም እንዳለን አለን። ስለ አባታችን ላነሣኸው በቦታው እመለስበታለሁ።

ከአንተ ወደ እኛ የሚመላለሰው ነጅሙዲን በአውቶቡስ መስኮት፣ ወርዶ ሰላም ለማለት እንኳ ሳይደክም፣ አባታችን በማሽላው መካከል በቆመው ማማ ላይ ወገቡን ታስሮ ማየቱን ቢነግርህ፣ ‹‹የአገር ሽማግሌ የነበረውን ሰው ወፍ ጠባቂ አድርገህ እንደ ፍየል አሰርኸው፤ በጓዶቼ ፊት አንገቴን አስደፋኸኝ›› ብለህ ጽፈሃል። የተደፋው አንገትህ እንዲቃና የሆነውን ሁሉ ልንገርህ።

አባታችን ከእርጅናው ጋር ነገሩን ሁሉ እየሳተ ሲሄድ፣ በጎልማሳነቱ ወደ አፋር የነዳቸውን ግመሎች ብቻ አልረሳም፤ በሩን ክፍት ካገኘ ውሃ ሊያጠጣቸው ወደ ሮቢ ወንዝ ይወርዳል፤ መሄዱን እንጂ መመለሱን አያውቅበትም። ስትጠብቀው የኖረችው ባለቤቴ ጣይባ፣ ከወደቀበት ስታነሣው፣ ስታጥበውና ስታገላብጠው ወገቧ ተቀጨ፤ አጣዬ ገበያ ውላ ሸክሟን ይዛ ትመለስ የነበረች ሴት ዛሬ ግድግዳ ተደግፋ ትነሣለች። የእኔን የሽመና ሥራ ከጠየቅህ፣ እግሬን አስገብቼ እሠራበት በነበረው ጉድጓድ ውስጥ ዶሮ ጫጩት ታቅፋበታለች። የቀረን ማሽላው ነው፤ እሱንም ግሪሳ ሲወርድበት ያየው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብዱልሃዲ መጥቶ፣ ‹‹ጋሼ፣ ወፍ የበላው መሬት እንዳልታረሰ ይቆጠራል፤ ጉልበት ላለው ሰው መሰጠቱ አይቀርም። ለእርስዎስ አዝናለሁ፣ ወፉን ግን ምን ልበለው?›› አለኝ።

አንተ ስለ ጭቁኑ ገበሬ በየስብሰባው ስትናገር የምትውል ሰው እንደ መሆንህ፣ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሽማግሌም ማሽላም እንዴት እንደሚጠብቅ መመሪያ ትልክልኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ መመሪያው ቢዘገይብኝ አባቴን አዝዬ ማማው ላይ ወጣሁ፤ እንዳይወድቅም በጣይባ መቀነት ወገቡን ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። እዚያ ሆኖ፣ ግሪሳው ሲንጋጋ ግመል በሚነዳበት ድምፅ ሲጮኽበት፣ ከእኔ ወንጭፍ ይልቅ ማሳውን ያዳነው የእሱ ጩኸት ነው። ‹‹ያችን ጥቁሯን ተዋት፣ ጭነት አትችልም፤ ያ ተንኮለኛው ነው፣ ከፊት አታስቀድመው›› እያለ ወፎቹን እንደ ግመል ይመርጣቸው ነበር፤ ከዓመት ወዲህ የሳቅሁትም በዚያች ማማ ላይ ብቻ ነው።

ሲመሽ አዝዬው ስወርድ የሚጠራው ግን አንተን ነበር። መጀመሪያ ‹‹እኔ ታላቅየው ነኝ›› ብለው፣ ‹‹እሱ ደግሞ ማነው?›› አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በስምህ ሲጠራኝ አቤት እላለሁ። መዳፉን ከራሴ ላይ አሳርፎ በአንተ ስም ያደረገውን ዱዓም ሳልሸራርፍ አደርስልሃለሁ፤ ‹‹ልጄ፣ እንዳዘልኸኝ ልጆችህ ይዘሉህ›› ብሎሃል። ልጅ ላልተሰጠን ለእኔና ለጣይባ የሚሆን ምርቃት አይደለምና፣ ያልደከምህበትን ዋጋ በደስታ ተቀበል።

‹‹ለመውሊድ ስመጣ ንጹሕ ለብሶ ልየው›› ብለህ በነጅሙዲን የላክኸው አቡጀዲ ሐሙስ ደረሰ፤ ዓርብ ለበሰው። ልብስ ሰፊ አላስፈለገም፣ መርፌም አልነካውም፤ በሦስት ተደርቦ ከራሱ እስከ እግሩ በቅቶታል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የአገሩ ሰው እየተሻማ ተሸከመው፤ ለእኔ የደረሰኝ የቃሬዛው አንዱ ማዕዘን ብቻ ስለ ነበር፣ ብቻውን መሸከም የለመደው ትከሻዬ በቅለቱ ግራ ተጋባ። በዚያ ቀን ማማው ላይ ሰው አልነበረምና ግሪሳው የታችኛውን ማሳ ጨረሰው፤ ሌላውን ማዕዘን ይዞ የሄደው አብዱልሃዲ ግን ስለ መሬቱ እስካሁን ምንም አላነሣብኝም።

አባታችን ከእንግዲህ አይታሰርም፤ ወደ ወንዝም አይወርድም፤ አንገትህን ቀና አድርገህ ሂድ። ያስቆጣህን መቀነት ጣይባ አጥባ በዚሁ በነጅሙዲን እጅ ልካልሃለች። የተቀጨ ወገብሽን በምን ልትደግፊ ነው ብላት፣ ‹‹ይሂድለት፤ ልጆቹ ሲያዝሉት ማሰሪያ ያስፈልጋቸዋል›› አለች።

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልህ፤ ለልጆችህም የማይዝል ጀርባ ይስጥልህ።

ታላቅ ወንድምህ