እማማ ኦይሪክ ያስጣሉት ቢላዋ

ልጄ ቶርኪል፣ እግዜር ጤናውን ይስጥህ፤ የካናዳ ብርድ አጥንትህ ድረስ አይግባ። በማታ ትምህርት ቤት ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፤ ይኸው በገዛ እጄ ጻፍኩልህ። እርግጥ የምንማረው ሁለት ሆነን ነው፤ ሌላዋም ዓይኗ ደከም ያለ ነው።

የእንጨት ቆራጮች አለቃ ሆነህ ሰው በጥፊ ትማታለህ አሉ። እንግዲያው ስማኝ። ማክሰኞ ወደቡ ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ በቢላዋ ስንዘረግፍ፣ አዲሱ አለቃ ጊሌስፒ "ፍጠኚ፣ አንቺ የጃጀሽ አሮጊት!" ብሎ እማማ ኦይሪክን ገፈተራቸው። በርሜል ላይ ወድቀው ግንባራቸው ተተረተረ። ሴቱ ሁሉ ቢላዋውን እንደያዘ ከበበው። ጓደኛዬ ሺናክ ፀጉሩን ጨምድዳ ጆሮውን ቀደደችው፤ ስለቱንም ጉሮሮው ላይ ደገነች። ደሙ የዓሣው ጨው ላይ ተንጠባጠበ።

እማማ ኦይሪክ የራሳቸውን ደም ሳይጠርጉ "እባክሽ የኔ ልጅ፣ ጣትሽ ላይ ያሰርኩት ጨርቅ ተፈቷል፤ ነይ ልሰርልሽ" አሉ። ስለት እንዳይቆርጠን የሁላችንንም ጣት በየማለዳው በጨርቅ የሚያስሩልን እሳቸው ናቸው፤ "እንዴት አደርሽ? ልጆችሽስ?" እያሉ።

ቢላዋው ወደቀ። ጊሌስፒም ተረፈ።

እግዜር ከክፉ ይሰውርህ። አደራህን፣ ሰዎችህን ጠዋት ጠዋት በየስማቸው ጠርተህ ሰላም በላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ዋሽቻለሁ። ሺናክ ያን ቀን አሟት ተኝታ ነበር። ጉሮሮው ላይ የነበረው እጅ የእናትህ ነው።