የአባባ ችግኞች ሙቀት ላይ ናቸው

እታለም፣

ከአዳር ሥራሽ ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ ክፍልሽ ውስጥ ችግኞቹን ያበቀልንበትን ቁም ሳጥን እዪልኝ። የአባባ በርበሬ ችግኞች እያለቁብን ነው። ከሃያው የቀሩት ሰባት ናቸው፤ ሌላ ዘር ደግሞ የለንም።

ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም ያሉኝን አምኜ ጉድ ሆንኩ። መብራቱ ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ ሳጥን እንደ ካውያ ትግላለች። ፈትቼ ከቁም ሳጥኑ ውጭ ሰቅያታለሁ፤ መልሰሽ እንዳታስገቢያት። መብራቱንም አንድ ክንድ ከፍ አድርጌዋለሁ።

የቁም ሳጥኑን በር አትዝጊው።
ችግኞቹ ላይ የሚነፍሰው ማራገቢያ እንዳይጠፋ፣ በናትሽ።
ሙቀቱ ሠላሳ ዲግሪን ካለፈ መብራቱን አጥፊው፤ ሲመሽ እናበራዋለን።

ትናንት በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ቀን ስትተኚ ብርሃኑ እንቅልፍ እንዳይነሳሽ ብዬ። ስደርስ ማራገቢያውም ቆሞ፣ ውስጡ አርባ ሁለት ገብቶ ነበር። ማን እንዳጠፋው አልጠየቅኩሽም።

አባባ ከሆስፒታል ከደወለ «በቅለዋል» በዪው። ውሸት አይደለም። ስንት ናቸው ካለሽ ግን እኔ ስመጣ እነግረዋለሁ።

ፈረቃዬ ረፈደብኝ።

ማራገቢያው ስለሚጮህ ዛሬ እኔ ክፍል ተኚ። አንሶላውን ቀይሬዋለሁ፤ መስኮቱንም በብርድ ልብሴ ጋርጄልሻለሁ።