ላሜራ ተገጥሞላቸው ስለተጠበቁልን የሌሊት ወፎች

ለክቡር አቶ ተድላ፣ የዋሻዎች ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሺሺንዳ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ዋሻው ላይ እንዳስገጠሙት በር የማይዝግ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከዋሻው በታች የምኖር የባዮሎጂ መምህርት ስሆን፣ ከሽታው የተነሳ መስኮት መክፈት ከመተዌ በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ ፍሬ በል የሌሊት ወፎቻችን ከሰው እጅ እንዲጠበቁ ብለው በር ስላሠሩላቸው አመሰግናለሁ። በፕላኑ ላይ የነበረው ፍርግርግ ለፎቶ አያምርም ተብሎ በላሜራ መተካቱና አረንጓዴ መቀባቱ የሚያስመሰግን ነው። ምረቃው በጠራራ ፀሐይ መደረጉም ለእንግዶች ተመችቷል፤ ወፎቹ ግን በዚያ ሰዓት ዋሻው ውስጥ ተኝተው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሪባኑ ሲቆረጥ እጄን አውጥቼ ወፎቹ በየት በኩል ሊወጡ ነው ብዬ በመጠየቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጥያቄ በመርሐ ግብሩ እንዳልተያዘ በትሕትና አስረድተውኝ፣ ቁልፉን ለጥንቃቄ በኪስዎ ይዘው ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዱ። በሩን እንስበር ብለን ስንለምን፣ ኮሚቴዎ በሩ የሕዝብ ንብረት መሆኑን አስጠነቀቀን። ከውስጥ ይሰማ የነበረው ጫጫታ ቀን በቀን እየቀነሰ ሄዶ ዝም አለ።

ሦስተኛ፣ ተመልሰው ሲከፍቱልን እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ከደረታቸው እንደለጠፉ በሩ ሥር ተከምረው አገኘናቸው። ጎረቤቴ እትዬ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ኧረ ይሄስ ግፍ ነው» ብለው አለቀሱ። እኔም አልቅሻለሁ፤ አሁንም አልወጣልኝም። እርስዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ለባዶው ዋሻ ዘበኛ ቀጠሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞችን አይስሟቸው።

የሾላ ዘር እየበተኑ ጫካችንን የሚተክሉልን ወፎቹ ነበሩና፣ በሚመጣው ክረምት ኮፍያ አድርገን፣ ባነር ይዘን፣ ችግኝ እየተከልን እንተካቸዋለን።

የጥበቃዎን ጽናት በዓይኗ ያየች፣ ለሥልጣንዎ ዘወትር የምትሰግድ፣
መምህርት ዙፋን ግዛቸው

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ከወንዙ ማዶ ያለው ዋሻም በቅርቡ በር ተገጥሞለት እንደሚመረቅ የሚገልጽ ባነር ገበያው መግቢያ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። እዚያ ያሉት ገና በሕይወት አሉ፤ ትናንት ሲመሽ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። እባክዎን ጌታዬ፣ እነርሱን እንኳ አይጠብቁልን።