ከእናትህ ጋር ጌጫ አደርን

ምትኩዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የሚዛን ዝናብ እንደምታውቀው ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳል። የጓሮው አጥር ወድቆ ጎረቤቶች አቃኑልን። የጓዳው ቆርቆሮ ያፈስሳል፤ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። እኔ አሁንም እዚያው ልብስ መሸጫው ነኝ። ጠዋት ለእናትህ ቁርሳቸውን አቅርቤ እወጣለሁ፣ ማታ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ እተኛለሁ። ለሌላ ሰው የማልናገረውን ላንተ ልንገርህ፤ በጣም ደክሞኛል።

በቀደም ወንድምህ ተረፈ ከጅማ ደውሎ፣ «እማዬን እኔ ጋ ልውሰዳት። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ልጅም የለሽ፤ ስለ ራስሽ አስቢ» አለኝ። እናትህ ሲሰሙ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እሑድ መጥቶ ሊወስዳቸው ተቀጠረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር የወረደልኝ መሰለኝ።

ከመሄዳቸው በፊት የተወለዱበትን አገር፣ ጌጫን፣ ማየት ፈለጉ። አንተ «በመኪና አዞርሻለሁ» እያልክ ስትቀጥራቸው ነበር። ጓደኛህ ካሳሁን ይህን ሲሰማ፣ እንግዳ የሚያጓጉዝበትን ላንድክሩዘር ይዞ ሐሙስ በማለዳ ደጃችን ቆመ።

እስከ ቴፒ ዝናቡ አልተለየንም። ከቴፒ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ሲይዝ ሙቀቱ ቀረ፣ ቀርከሃው መጣ፣ ቀጥሎ ጉሙ ወርዶ ሁሉንም ሸፈነው። ካሳሁን ለእንግዶቹ እንደለመደው፣ ያምራል በሚባለው ቦታ ሁሉ ያቆማል። «እዚህ ጋ ፏፏቴ አለ» ይላል፤ እኛ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። «ሸለቆው ከዚህ በታች ነው» ይላል፤ ከነጭ ጉም በቀር የምናየው የለም። ጌጫ ስንደርስ እናትህ ወርደው ጉሙ ፊት ቆሙ። ጃንጥላውን ይዤላቸው ስቆም ጫማዬ ውሃ ሞልቶ እግሬ ደነዘዘ። ካሳሁን አዝኖ፣ «እማማ፣ ቀን አልመረጥንም፤ ምንም አይታይም» አላቸው።

«ድሮስ ጌጫ መቼ ታይቶ ያውቃል?» አሉና ሣቁ። አንተ ካረፍክ ወዲህ ሲሥቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ናዳ መንገዱን ዘግቶት አገኘነው። እንደገና ወደ ጌጫ ዞረን አልጋ ያዝን። የሆቴሉ ባለቤት፣ «አንድ ክፍል ይበቃችኋል? ምንሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናትህ ቀደሙኝና «ምራቴ ነበረች» አሏት። ነበረች። ያቺ ቃል ወጋችኝ፤ ግን የማርምበት አቅም አልነበረኝም።

ክፍሉ አንድ አልጋና ብርሃኑ የደከመ አምፖል ነበረው። ብርድ ልብሱ እርጥበት እርጥበት ይላል። ትኩስ ሻይ ጠጥተን ገና ሳይመሽ ጎን ለጎን ጋደም አልን። እናትህ ዝናቡን እያዳመጡ ስለ ልጅነትህ አወሩኝ። ዛፍ ላይ ወጥተህ የሰው ቀፎ ስትነካካ ንብ እንደነደፈችህ፣ ፊትህ አብጦ ዓይንህ እስኪጠፋ ድረስ። ማር አልቀምስም የምትለው ለካ ለዚህ ነበር! እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ ጫማዬን ትወለውልልኝ እንደነበር ነገርኳቸው። «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አላደረገውም» አሉ ቅር ብሏቸው።

ከዚያ፣ «ጅማ የምሄደው ተረፈ ናፍቆኝ አይደለም። ሲደክምሽ ስለማይ ነው» አሉኝ።

አልደከመኝም ብል ውሸት ነው። «አዎ፣ ደክሞኛል እማማ» አልኳቸው። «ግን እርስዎ ከሄዱ ስለ ምትኩ ከማን ጋር አወራለሁ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

በማግሥቱ መንገዱ ተጠርጎ ቴፒ ስንደርስ ስልኬ መሥራት ጀመረ። ለተረፈ ደውዬ እሑድ እንዳይመጣ ነገርኩት። «በኋላ እንዳትጸጸቺ» ብሎ ተቆጣኝ። እናትህ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው፣ «ናና ጠይቀኝ፤ ልትወስደኝ ግን አትምጣ» አሉት። ኋላ ላይ ነገሩ በረደ። እኔ እንዳርፍ ለገና ወስዷቸው፣ ሰንብተው እንዲመለሱ ተስማማን።

ድካሙ አልቀረም። ዛሬም ከሥራ ስመለስ እግሬ አብጦ ነበር። ነገር ግን ልጅነትህ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ትዳራችንን የማውቀው እኔ ነኝ። ብንለያይ ኖሮ እያንዳንዳችን ግማሽህን ብቻ ይዘን እንቀር ነበር። እየደከመኝም ቢሆን ማታ ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ፤ የማውቀውንም እነግራቸዋለሁ። በዚህ ቤት ስምህ ሳይነሳ የሚያልፍ ምሽት አይኖርም፤ ቃሌ ነው።

ባለቤትህ
ወርቄ